ከስቴጁ እስከ መናኸሪያው

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ዛሬም አመለጣቸው። የናይሮቢው አውቶብስ ፀሐይ ወጥታ በኬንያው ሞያሌ መቆሚያ፣ ስቴጁ ላይ፣ ሲቆም የሐዋሳው አውቶብስ ከማዶው መናኸሪያ ነቅሎ ሄዷል። ሹፌሩ ዴኒስ ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት ብቅ አለና በስዋሂሊው «ማማ ሆቴሊ፣ ዛሬም እንግዳ አመጣሁልሽ!» አለኝ። ስምንቱም ክፍሌ ሞላ። ሠራተኛዬ ሀያቱ አንሶላ ስትቀይር እኔ ሽሮ ስጥድ፣ አንዲት ከሞምባሳ የመጣች ወጣት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ «እትዬ ብዙወርቅ፣ ሁለቱን መናኸሪያዎች ለምን አያገናኟቸውም?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሳቄ መጣ። አንዱ ኬንያ፣ አንዱ ኢትዮጵያ ነዋ! ከእኔ በር ቁልቁለቷን ወርዶ፣ ኬላውን አልፎ፣ ዳገቱን መውጣት ነው። ባዶ እጁን የሆነ ሰው ላብ ሳያልበው ይደርሳል። ሻንጣ ያለው ግን ሌላ ነው። የተሸካሚዎቹ አለቃ የዱባ ሀማሎች፣ ማለትም የእኛ የስቴጁ ዕቃ ተሸካሚዎች፣ ዕቃውን ኬላው በር ላይ አውርደው ይመለሳሉ። የማዶዎቹ ደግሞ ከወዲያው በር ነው የሚጀምሩት። መሐል ያለውን ተሳፋሪው ራሱ እየጎተተ፣ ልጁን አዝሎ፣ ፓስፖርቱን በጥርሱ ነክሶ ያልፋል። እዚያ ሲደርስ አውቶብሱ የለም። ተመልሶ እኔ ጋ ያድራል። እንዲህ ሆኖ ነው የኖረው።

ይህን ሁሉ ስነግራት ልጅቷ «ታዲያ ይኼ ይሻላል?» አለች። ሽሮው ሊገነፍልብኝ ነው ብዬ ወደ ምድጃው ሮጥኩ።

ማታ ዱባ መጣ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በእኔ ግቢ ስብሰባ አለ። ስለዚሁ ጉዳይ! አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

እንዲህ ያለ የተራበ ስብሰባ አይቼ አላውቅም። ዱባ ረመዳን ላይ ነው። እኔና ከማዶው መናኸሪያ የመጣው የስምሪቱ ኃላፊ አቶ ታፈሰ ሁዳዴ ላይ ነን። ዴኒስ ፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄደው፣ ምንም አያስገድደውም፤ ግን እኛ እያየነው መብላት አፍሮ አብሮን ጾመ። ከሁሉም የተነጫነጨው እሱ ነበር።

ዴኒስ ስቴጁ ወደ ኬላው ይጠጋ አለ። ዱባ «ሀማሎቼስ ምን ሊበሉ?» ብሎ በቦረንኛ ተቆጣ። ዱባ አራት ቋንቋ ያውቃል፤ ሲናደድ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው። አንዱ ነጋዴ የሁለቱም አገር ታርጋ ያለው ሚኒባስ ይገዛ አለ፤ ማን ይግዛው ሲባል ወደ ስልኩ አቀረቀረ። ሌላው ከስቴጁ እስከ መናኸሪያው ጥላ ያለው የእግር መንገድ ይሠራ አለ። ሁላችንም ጥላውን በሐሳባችን ሠርተን ለትንሽ ጊዜ አረፍንበት።

አቶ ታፈሰ ትልቁን ወሬ ለመጨረሻ ነበር ያቆየው። የሐዋሳው አውቶብስ ባለቤት «ሰዎቹ ከነሻንጣቸው በቶሎ ከደረሱልኝ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት እጠብቃለሁ» ብሏል። ይህን በስዋሂሊና በቦረንኛ ስናገር ግቢው በጭብጨባ ተናጋ።

እኔ ለማስተርጎም ተጠርቼ አስተያየት ጨመርኩ። ዝናብ ቢመጣስ? አሮጊት ብትወድቅስ? የኬላው ወረፋ ቢረዝምስ? አቶ ታፈሰ «ይኼ የማን ጥያቄ ነው?» አለኝ። የሕዝቡ ነው አልኩት። ለሰው አስቤ ነው እንጂ እኔ ሌላ ምን አለብኝ።

መጋቢት 6

ሀያቱ ዛሬ አንሶላ እያጠበች፦ «ማማ፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አንቺ ለምን እጅሽን መቀነትሽ ውስጥ ከተትሽ?» በርዶኝ ነው አልኳት። መጋቢት ላይ፣ ሞያሌ ውስጥ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

አቶ ታፈሰ ስለ ጉዳዩ ሊነጋገር ብቻውን መጣ። የሸሚዙ ኮሌታ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ነው። የሚተኩስለት ሰው የለም መሰለኝ፤ ቤተሰቡ ዲላ ነው፣ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ይህን እኔ አልጠየቅኩም፣ ዱባ ነው የነገረኝ። እሺ፣ ጠይቄው ነው የነገረኝ።

ጭቅጭቁ አይጣል ነው። «ወይዘሮ ብዙወርቅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ይህ ነገር እንዲሳካ ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም?» አለኝ ዓይን ዓይኔን እያየ። ደሜ ፈላ። እኔ ኮ እዚህ ከተማ ተወልጄ፣ በስቴጁ አቧራ አድጌ፣ ስንቱን መንገደኛ አብልቼ አስተኝቼ! ይህን ሁሉ ነገርኩት። ጨርሼ ስተነፍስ «መልሱን እየጠበቅኩ ነው» አለ።

ሽሮውን ግን ጠርጎ በላ። ጨው አነሰው ብሎ ደግሞ! አላነሰውም። ኋላ ቀመስኩት፤ ትንሽ ነው ያነሰው።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

የቱክቱክ ሙከራ ዛሬ ነበር። እግዜር ይስጣቸው፣ እንዲህ ከሳቅኩ ቆይቻለሁ።

ሐሳቡ የዱባ ነው። ሦስት ቱክቱክ፣ ማዶ ባጃጅ የሚሉት፣ ከስቴጁ ሰው ጭነው በቀጥታ መናኸሪያው በር ላይ ሊያራግፉ። ቱክቱኮቹን አጥበው፣ በአበባ አስጊጠው፣ ዘፈን ከፍተው ወረዱ። ኬላው በር ላይ ጠባቂው የኬንያ ታርጋ ያለ ወረቀት አያልፍም አለ። ወረቀት ለማውጣት ኢንሹራንስ፣ ለኢንሹራንስ ሌላ ወረቀት። በዚህ መሐል ከማዶ የታፈሰ ባጃጆች ሊቀበሏቸው መጥተው እነሱም በበኩላቸው ቆመዋል። ሁለቱም በበሩ ግራና ቀኝ ቆመው ዘፈናቸውን እያንባረቁ ተያዩ። ተሳፋሪው ወርዶ ሻንጣውን እንደ ድሮው ጎተተ።

ክፍሌ ሞላ። ማታ ሀያቱ «ማማ፣ ከጠዋት ጀምሮ እያንጎራጎርሽ ነው» አለችኝ። ስላልተሳካ አይደለም። ዘፈኑ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነው።

መጋቢት 14፣ እሑድ

እንግዶቹ በረንዳው ላይ አምሽተው አሁን ነው የተኙት። አንዱ ኤልዶሬት ጋራዥ ያለው ሰው ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ ያላያትን የወንድሙን ልጅ ክርስትና ሊያነሳ ይሄዳል። የገዛላትን ቀሚስ አውጥቶ አሳየን። በትልቅነቱ ልጅቷ አሥር ዓመት ሲሞላት ይሆናታል። ሰውዬው ሊያለቅስ ደረሰ፣ እኛ በሳቅ ሞትን፤ እሱም መጨረሻ ላይ ሳቀ።

ፋሲካ እየመጣ ነው። ባሌ ዮፍታሄ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሞተ ወዲህ ጾሙን የምፈታው ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ነው። ፀዲ ልጄ ናይሮቢ ነርስ ናት፤ በበዓል ሁሌ ተረኛ ናት። ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ሹር ዕለት አውቶብሱ ያመለጣቸው መንገደኞች ግቢዬን ሞልተውት ነበር። መጀመሪያ አኮረፉ። ከዚያ አንዷ ሽንኩርት ልክተፍ አለች፣ አንዱ በግ ገዝቶ መጣ፣ አንዱ ጄሪካን ከበሮ አደረገ። ሌሊቱን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስንጎራረስ እዚህ ቤት ውስጥ የቦታ ጥበት ነበር። እነሱ ከቤታቸው ቀርተው አዝነዋል፤ እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከዚያ የበለጠ ደስ ያለኝ ቀን የለም።

ይህ ከስብሰባው ጋር ምንም አይገናኝም። ፋሲካ ስለደረሰ ትዝ ብሎኝ ነው የጻፍኩት።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ዱባ እየሮጠ መጣ። «ማማ ብዙ! ምኮኮቴኒ!»

የእጅ ጋሪ ነው። ታርጋ የለውም፣ ኢንሹራንስ የለውም፣ ሞተር የለውም። በእግረኛ መተላለፊያ ያልፋል። ማንም ወረቀት አይጠይቀውም። ተሳፋሪው እጁን እያወዛወዘ ከጎኑ ይሄዳል። ያለ ልፋት ያገኘሁት ነገር ብሎ ደረቱን ነፋ።

ማን ይገፋዋል? አልኩ። የእናንተ ልጆች በሩ ላይ ሲደርሱ የማዶዎቹ «እንጀራችንን ነጠቃችሁን» ይላሉ አልኩት። ዱባ ለዚህም መልስ ነበረው። ዕቃው አይወርድም፤ ጋሪው ራሱ እጅ ይቀይራል። የእኛ ሰው እስከ መሐሉ መስመር ይገፋል፣ ከመስመሩ የማዶው ሰው እጀታውን ይቀበላል። አቶ ታፈሰ በስልክ ሲሰማ «ይኼ ሰው ይሾም!» ብሎ ጮኸ።

እኔም ጥሩ ነው አልኩ። ጥሩ ነው ያልኩት ጥሩ ስለሆነ ነው።

መጋቢት 18

ጥሩ ነው። ዝናብ ቢመጣስ ግን?

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ኢድ ነው። በናይሮቢ መንገድ ቅርባችን ባለችው ቡቲዬ፣ ዱባ ቤት ዋልኩ። ሚስቱ እኔ ጾም መሆኔን አውቃ ለብቻዬ ባቄላ በዘይት ሠርታልኝ ነበር፤ ከበሉት ሁሉ በላይ ጠገብኩ። ልጆቹ አዲስ ልብሳቸውን ለማሳየት በፊቴ ተሰልፈው አለፉ፤ አንዱ ሁለት ጊዜ አለፈ። በቦረንኛ «ነጋ፣ ነጋ»፣ ሰላም፣ ሰላም፣ ስንባባል ዋልን።

ስወጣ ዱባና ዴኒስ ከአጥሩ በስተጀርባ ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ። ዱባ «ማማ ብዙ ክፍሎቿ ባዶ እንዳይሆኑ ነው የፈራችው» ይለዋል። ዴኒስ ደግሞ «ክፍሉማ በከባድ መኪና ሹፌር ይሞላል። እሷን ያስፈራት ወንበሩ ነው» አለው።

ምን ማለቱ ነው? ወንበር እንደሆነ ሞልቶኛል።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ጉድ ፈላ! በጥድፊያ ነው የምጽፈው።

የጋሪ ሙከራ ዛሬ ነበር። ከእኛ በኩል ሶራ ሻንጣና አንድ ጆንያ ሽንኩርት ጭኖ ይወጣል። ከማዶ ቦናያ የሚመለሰውን ጋሪ ይዞ ይወርዳል። ሁለቱ አማቾች ናቸው፣ አንዱ የሌላውን እህት ነው ያገባው። የሁለት አገር ሕዝብ ተሰልፎ ያያል። ሶራ ኬንያዊ ነው፣ ግራውን ይዞ ይሄዳል። ቦናያ ኢትዮጵያዊ ነው፣ ቀኙን ይዞ ይመጣል። መኪናዎች ኬላው ላይ ወገን ይቀያይራሉ፤ ለጋሪ ግን ማንም አላሰበበትም። የሶራ ግራና የቦናያ ቀኝ አንድ ቦታ ነው!

«ልቀቅ፣ የኔ ወገን ነው!» ይላል ሶራ። «አንተ ልቀቅ፣ እኔ ወገኔ ላይ ነኝ!» ይላል ቦናያ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱም ሳያቆሙ ይገፋሉ። መስመሩ ላይ ተላተሙ። ጆንያው ተቀደደ። ሽንኩርቱ ግማሹ ወደ ኬንያ፣ ግማሹ ወደ ኢትዮጵያ ተንከባለለ። የሁለቱም አገር ፍየሎች ካለፓስፖርት ደረሱ። ጠባቂዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ግድግዳ ተደገፉ።

ያን ቀን ማታ

የቀረውን ልጻፈው።

ሳቁ ሲበርድ ጠብ ሆነ። ዱባ ጋሪ በሙሉ በግራ ይሂድ አለ። አቶ ታፈሰ ኢትዮጵያ ውስጥ በግራ የሚሄድ ጋሪ አልቀበልም አለ። ዱባ ወደ ቦረንኛው ገባ። የአቶ ታፈሰ ኮሌታ ጭራሽ ወደ ጆሮው ወጣ። አንድ ደቂቃ ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ፈርሶ ይቀር ነበር። ሁሉም ወደ ቤቱ ፊቱን ሊያዞር ጀምሮ ነበር።

እኔ ግን ሽንኩርት እየለቀምኩ ነበርና ጎንበስ እንዳልኩ «ግራና ቀኙን ተዉት! ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ በፀሐይ መውጫ በኩል ይሂድ፣ ወደ ኬንያ የሚመጣ በፀሐይ መግቢያ በኩል!» ብዬ ጮህኩ።

ሶራ ፀሐይዋን አየ። ቦናያም አየ። ከዚያ ዱባ አጨበጨበ፣ ሕዝቡ እልል አለ፣ አቶ ታፈሰ ሽንኩርት የያዘ እጄን ከነሽንኩርቱ ጨበጠው። «ብዙወርቅ!» አለኝ። ወይዘሮ የለ፣ ምን የለ።

አፌን ማን ክፈት አለው? ሦስት ሳምንት ሙሉ ችግር ስፈልግ ከርሜ፣ ራሱን ችሎ የመጣውን ችግር በገዛ አፌ ፈታሁት። ደግሞ ደስ ብሎኛል። ሞኝ ነኝ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ቦናያ የሶራን ጋሪ በቀንድ እንደሚዋጋ በሬ ሲገፋው እያሰብኩ ብቻዬን እስቃለሁ።

መጋቢት 29፣ ሰኞ

ሠራ። ዴኒስ ደረሰ፣ ጋሪዎቹ ተሰልፈው ጠበቁ፣ ሰዉ እጁን እያወዛወዘ ወረደ። አንድም ሰው አልተመለሰም። አንዲት ሴትዮ እየሮጠች «ደህና ዋይ እትዬ!» አለችኝ፣ ስሜን ሳታውቅ። ለሃያ ሰው የሠራሁት ሽሮ ተረፈ። ለዱባ ሀማሎች ሰጠኋቸው፤ ዱባ «የድል ምግብ!» አለው።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ክፍሎቹ ሞልተዋል። የከባድ መኪና ሹፌሮች ናቸው። ዴኒስ ያለው ነው የሆነው። ማታ ይገባሉ፣ ይተኛሉ፣ ጠዋት ይሄዳሉ። ሀያቱ «ታዲያ ምን ሆነሻል? ሥራው እንደሆነ እንደድሮው ነው» አለችኝ። አያወሩም አልኳት። «ደክሟቸው ነዋ!» አለች። አውቃለሁ ደክሟቸው እንደሆነ።

አቶ ታፈሰ በየጠዋቱ ይደውላል። «ስንት ሰው እየመጣ ነው?» ለማለት ነው። ዱባም ሊነግረው ይችል ነበር።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ፣ ሆሣዕና

ከቤተ ክርስቲያን የዘንባባ ቀለበት አድርጌ ተመለስኩ። ፀዲ ደወለች፤ ዘንድሮም ተረኛ ናት። «እንግዶችሽ አሉልሽ አይደል እማዬ» አለች። አሉ አልኳት። ልጄን በሆሣዕና ዋሸኋት።

ዶሮ አልገዛሁም። ለማን ብዬ ነው? ሀያቱ ሙስሊም ስለሆነች የኔን ዶሮ አትበላም፣ ሹፌሮቹም ለበዓል የሉም። ለአንድ ሰው ዶሮ አይታረድም። እንቁላል ጠብሼ እፈታለሁ፣ እሱም ያው የዶሮ ዘመድ ነው።

ግን ዛሬ ጠዋት ጋሪው ሲወርድ አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው መሬቱን ሲስሙ አየሁ። ለፋሲካ ቤቴ እደርሳለሁ ብለው አስበው አያውቁም ነበር። እንባዬ መጣ። እነዚህ ሰዎች እኔ ቤት ሲያድሩ ይህን ሁሉ ትተው ነበር ያደሩት።

ሚያዝያ 8

ዝናብ። ዝናብ። ሰው እንደ ጉድ ይመጣል። ሶራና ቦናያ ላስቲክ ለብሰው ይገፋሉ። ዛሬ ሁለት አውቶብስ ሙሉ ሰው አሻገርን። «አሻገርን» አልኩ! እኔ ምን ገፋሁ?

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ስግደት። ወገቤ። ነገ ከፋሲካ በፊት የመጨረሻው አውቶብስ ነው። ዴኒስ ከናይሮቢ ተነስቷል።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ሁለት ሰዓት አለፈ። ዴኒስ የለም። ስልኩ አይሠራም።

ሦስት ሰዓት። ታፈሰ ደወለ። የሐዋሳው ሹፌር እያበደ ነው። ተሳፋሪዎቹ «ቤታችን ለፋሲካ እንድረስ» እያሉ ነው። ቆይ አልኩት።

ሦስት ተኩል። ዴኒስ ደወለ! ጎርፍ መንገዱን ዘግቶት አድሯል። አሁን ቡቲዬ ደርሷል። አውቶብሱ ሞልቷል። አንዲት አሮጊት ታመዋል፣ ከወለዱት ልጅ ጋር ፋሲካን ሳያደርጉ ዓመታት ሆኗቸዋል ይላል። ልሂድ። ጃንጥላው የት ነው?

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ቤቴ ገባሁ። ሀያቱ ቅዳሜ ማታ ዱባ እስኪነግራት ድረስ «ማማ ጠፋች» ብላ ግማሽ ስቴጁን አስደንግጣለች። ቅዳሜ የሆነውን በተራ ልጻፈው፣ አለዚያ ሰው ሲጠይቀኝ አንዱን ካንዱ አምታታለሁ።

ዴኒስ ስልኩን እንደዘጋ ታፈሰ ደወለ። «ብዙወርቅ፣ ሹፌሩ ሞተር አስነስቷል። የናይሮቢው እየመጣ ካልሆነ ልልቀቀው። አለ ወይስ የለም?» አለኝ።

ግቢዬ ውስጥ ነበር የቆምኩት፤ ወንበሮቹ ግድግዳው ሥር ተደራርበዋል። ወሬው ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። «አላውቅም» ብል ውሸት እንኳ አይመስልም ነበር። አርባ ሰው ማታ እዚህ ነው። አሮጊቷም እዚህ ናቸው፤ ጥሩ አልጋ እሰጣቸው ነበር። አንዱ በግ ይገዛ ነበር።

«ብዙወርቅ? አለሽ?»

«አቆየው!» አልኩት። «ጎማው ፊት ተኛ፣ ምን አገባኝ፣ አቆየው! ቡቲዬ ደርሰዋል!»

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ዴኒስ ጭቃ ለብሶ ገባ። ዱባ ሀማሎቹን በቦረንኛ እየተቆጣ አሰለፈ፤ ተናዶ ሳይሆን ደስ ብሎት ነው። አሮጊቷ ዳገቱን መውጣት ስላልቻሉ ሶራ ሻንጣዎቹ ላይ ቁጭ አደረጋቸው። ላስቲክ ለብሰው፣ ጋሪው ላይ ከፍ ብለው፣ ግራና ቀኙን እየመረቁ ወረዱ። ጠባቂውን መረቁ፣ ፍየሎቹን መረቁ። መስመሩ ላይ ቦናያ እጀታውን ሲቀበል እሱንም መረቁ። እኔ ጃንጥላ እይዝላቸው ነበር። ጃንጥላው የእኔ ስለሆነ ነው እስከ ማዶ ድረስ የሄድኩት።

መናኸሪያው ስንደርስ አውቶብሱ ውስጥ የተቀመጡት ሊሰድቡን አፋቸውን ከፍተው ነበር። አሮጊቷን ጋሪ ላይ ሲያዩ ስድቡ እልልታ ሆነ። ታፈሰ ከአውቶብሱ ፊት ቆሟል፣ ሸሚዙ በስብሶ፣ ድምፁ ተዘግቶ። እውነትም ጎማው ፊት ቆሞ ነበር! አሮጊቷን እሱና ቦናያ ተሸክመው አስገቧቸው። አውቶብሱ ጥሩምባውን እየነፋ ወጣ። መናኸሪያው ባዶ ሆነ፣ ዝናቡም አባራ።

በቃ፣ ልመለስ ነበር። ግን ከስምሪት ክፍሉ በስተጀርባ የተቃጠለ ሽንኩርት ሸተተኝ። የማዶው ክርስቲያን ተሸካሚዎችና ታፈሰ ሰው ሲያሻግሩ ወደየቤታቸው የሚሄዱበት አውቶብስ አምልጧቸው ለበዓል እዚያው ቀርተዋል። ገንዘብ አዋጥተው ዶሮ ገዝተው ወጥ እንሠራለን ይላሉ። ሽንኩርቱን አሳርረው፣ ዶሮውን የት እንደሚቆረጥ ሳያውቁ ከበው ቆመዋል፤ አንዱ ስልኩ ላይ እያነበበ። እንዲህ አይደለም ልላቸው ብቻ ነው የገባሁት። ማማሰያውን ተቀበልኩ። ሌላ ሽንኩርት አስከተፍኩ። ታፈሰ ሽንኩርት ሲከትፍ አለቀሰ፤ ቀና ብሎም «ጨው እንዳታሳንሺ» አለኝ። በማማሰያው ሳልለው ቀረሁ፣ ጾም ስለሆነ ነው።

ወጡ ሲደርስ መሽቶ ነበር። ኬላው ይዘጋል። ዱባ ደወለ፤ «ማማ ብዙ፣ ጠባቂው ያውቅሻል፣ ጠብቄ አሳልፋታለሁ ብሏል። ሞተር ሳይክል ይዤ በሩ ላይ ነኝ» አለኝ። እግሬን አመመኝ አልኩት። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ቆሜ ስሠራ አላመመኝም ነበር፤ እንግዲህ ሲመሽ ነው የሚያመው። ዱባ በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት። «ፖሌ ማማ፣ እግርሽን ይማርልሽ» ብሎ ዘጋ።

ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አስቀደስን። ኋላ ለመኝታ የታፈሰ አከራይ፣ ደግ ትልቅ ሴት ናቸው፣ አልጋቸውን ሊለቁልኝ ሆነ፣ ተከራክሬ ከጎናቸው ተኛሁ። ከመኝታው በፊት፣ ቅዳሴው አልቆ እሳቸው ቤት ጾሙን ስንፈታ ትሪው ዙሪያ ሰው ተጠጋግቶ ክርን ለክርን ነበር። የተዋስኩት ነጠላ ላይ ወጥ ፈሰሰብኝ። ታፈሰ በልቶ በልቶ «ጨው ልክ ነው» አለ፤ ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮሌታው ሁለቱም ወደ ታች ነበሩ። አከራይዋ የከሰል ካውያ አላቸው፤ በእግረ መንገዴ ነው የተኮስኩለት።

ገና በልተን ሳንጨርስ የአሮጊቷ ልጅ ከሐዋሳ ደወለ። ስልኩን ለእናቱ ሰጣቸው። መጀመሪያ ማልቀስ፣ ከዚያ መመረቅ ሆነ፤ ቦናያን በስሙ ጠርተው መረቁት፣ ቦናያ ሙስሊም ነው፣ ቤቱ ተኝቷል፣ ምርቃቱን እኔ አደርስለታለሁ አልኳቸው።

ስልኩን ስዘጋ አከራይዋ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ፣ ቤትሽ እዚሁ ማዶ አይደል? በዓሉን እንዴት እዚህ ቀረሽ?» አሉኝ። ታፈሰ መጉረሱን አቁሞ አየኝ። ሁሉም አየኝ።

«አውቶብስ አምልጦኝ ነው» አልኳቸው።

«እሰይ!» አሉ አከራይዋ፣ «እንኳን አመለጠሽ!» እና ትልቁን ሥጋ ጠቅልለው አጎረሱኝ።